በሌላ ስም እንደ አዲስ ታካሚ መመዝገብ መፍትሔ ይሆናልን?

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በፊት ደሴ ስኖር ነው፤ መድኃኒቱንም እዚያው ጀምሬ እስካሁን የምወስደው ከደሴ ነው። አሁን ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥሬ እዚሁ ቤት ተከራይቻለሁ። በየሦስት ወሩ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ደርሼ ስመለስ ቀኑ ያልቃል፤ ተቆጣጣሪዬም ‹ምን ዓይነት ሕመም ነው በየሦስት ወሩ የሚመላለስ?› ማለት ጀምሯል። ኮምቦልቻ እንዳልዛወር ለቤቴ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የእጮኛዬ እህት ትሠራለች። በሌላ ስም እንደ አዲስ ብመዘገብ፣ ወይም ከግል መድኃኒት ቤት እየገዛሁ ብወስድስ? ባለፈው ዓመት ‹ቫይረሱ አይታይም› ተብያለሁ፤ አንዲት ጓደኛዬም ‹ከዚህ በኋላ ብታቋርጪውም አይመለስም› ትለኛለች። ከረመዳን በኋላ ኒካህ ልናሥር ነው። ከእጮኛዬ ጋር ግንኙነት አልጀመርንም፤ ስለ እኔም የሚያውቀው ነገር የለም።»

መልስ፦ በሌላ ስም እንደ አዲስ መመዝገብ ካሰቧቸው መንገዶች ሁሉ የከፋው ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የእጮኛዎ እህት የምታውቀው ፊትዎን ነው፤ ካርድዎ ላይ የሚጻፈው ስም ሌላ መሆኑ ጥያቄዋን ከማብዛት በቀር የሚሸፍነው ነገር አይኖርም። ከዚህ የሚብሰው ግን ደሴ ውስጥ የሚሆነው ነው። ሳይናገሩ በመቅረትዎ ፋይልዎ አይዘጋም። የቀጠሮዎ ቀን ሲያልፍ በቀጠሯቸው ባልቀረቡ ታካሚዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፤ ባስመዘገቡት ስልክ ይደወላል፤ እርሱ ካልሠራ በተጠሪነት ያስመዘገቡት ሰው ሊጠየቅ ይችላል፤ በአድራሻዎ ለመፈለግ ፈቃደኛ መሆንዎ በፋይሉ ላይ ተሞልቶ ከሆነም ሰው ሊላክ ይችላል። የሚደውለው ባለሙያ ስለ ሕመሙ ለማንም አይናገርም፤ ሆኖም «ከሆስፒታል ነው፣ ቀጠሮ ነበራት» የሚለው ቃል ብቻውን በሠርግ ዋዜማ ባለ ቤተሰብ መካከል ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ መንገር አያሻም። ከሥርዓቱ ተደብቆ መውጣት ፍለጋን ይጠራል፤ በወረቀት ተሰናብቶ መውጣት ግን ፍለጋውን ያስቀራል።

ሁለተኛው ጉዳት የምልልሱ ቁጥር ነው። አዲስ የተመዘገበ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት በተደጋጋሚ እንዲቀርብ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ እንደተስማማው፣ ሌላ ሕመም እንዳለበትና እንደሌለበት፣ አወሳሰዱንም እንደተረዳ መታየት አለበትና። ረጅም ቀጠሮ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ፣ ሕክምናው ለረጋለት ሰው ነው። እርስዎ በዓመት አራት ጊዜ መሄድ ከብዶዎት ሳለ እንደ አዲስ ቢመዘገቡ የሦስት ዓመት እርጋታዎን አሳልፈው ሰጥተው በየወሩ ሊመላለሱ ነው፤ ያውም በዚያችው የካርድ ክፍል በር በኩል።

ሦስተኛው ጉዳት በምርመራው ላይ የሚደርሰው መምታታት ነው። እንደ አዲስ የሚመጣ ሰው እንደገና ይመረመራል። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን በቀጥታ ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመቋቋም የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት በመሆኑ፣ መድኃኒት ላይ ባለ ሰው ዘንድ ውጤቱ በአብዛኛው አዎንታዊ ሆኖ ይቀጥላል፤ ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ፣ በተለይ ከድድ በሚወሰደው የራስን በራስ መመርመሪያ፣ «የለም» የሚል የተሳሳተ ውጤት ሊወጣ ይችላል። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ኤች አይ ቪ እንዳለበት ለማረጋገጥ ተብሎ ዳግመኛ እንዳይመረመር የሚመከረው ለዚህ ነው። በዚህ ዓይነት ውጤት «ነፃ ወጣሁ» ብለው መድኃኒታቸውን ጥለው ከወራት በኋላ ታመው የሚመለሱ ሰዎች በሙያችን እንግዳ አይደሉም።

የታሪክዎ መጥፋት ደግሞ ዛሬ የማይታይ፣ በኋላ ግን የሚያስከፍል ጉዳት ነው። የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደጀመሩ፣ ከሳንባ ነቀርሳ መከላከያ መድኃኒት የትኛውን ወስደው እንደጨረሱ፣ የቫይረስ መጠን ምርመራዎ በየጊዜው ስንት እንደነበር በፋይሉ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ቫይረሱ ቢያንሰራራ ሐኪሙ መድኃኒት ለመቀየር ወይም ላለመቀየር የሚወስነው በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከግል መድኃኒት ቤት ስለመግዛት ያነሡት ሐሳብ ከአገልግሎቱ አሠራር ጋር አይገጥምም። በሀገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሚሰራጨውም በኢትዮጵያ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል የኤአርቲ፣ ማለትም የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና፣ አገልግሎት ላላቸው ተቋማት ነው፤ ከእነዚህ መካከል የተወሰኑ የግል ሕክምና ተቋማትም አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ፋይል ከፍተው፣ ክትትል እያደረጉ ይሰጣሉ እንጂ እንደ ራስ ምታት ክኒን በመስኮት አይሸጡም። ስለዚህ አንድ ሰው ከመደበኛው መስመር ውጭ «አመጣልሻለሁ» ቢልዎት የመድኃኒቱ ምንጭ፣ አቀማመጥና ይዘት ምን እንደሆነ ማረጋገጫ የለዎትም፤ የሚከፍሉት ገንዘብም በነፃ ለሚገኝ ነገር ነው። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ብዙ ጊዜ የምሰማውን ነገር ላርም፦ የሆስፒታሉ መድኃኒት ከጤና ጣቢያው «ይጠነክራል» የሚባለው ስሕተት ነው። ደሴ ሆስፒታልም ሆነ በገጠር ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ የሚሰጡት ያንኑ መድኃኒት ነው፤ አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ የወረደው፣ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖችም እንዲሰጡት የተደረገው፣ ሕዝቡ በቅርቡ እንዲያገኘው ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ምክር። «ቫይረሱ አይታይም» ማለት በደምዎ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ሆኗል ማለት ነው፤ በተለመደው አነጋገር በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ50 የቫይረስ ቅጂ በታች። ቫይረሱ ግን ረጅም ዕድሜ ባላቸው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ይቀመጣል፤ መድኃኒቱም እነዚያን የተኙ ቫይረሶች አያጠፋም፤ የነቁት እንዳይባዙ ግን ይከለክላል። ሲቋረጥ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ እንደገና መቆጠር ይጀምራል። የማይታየው መድኃኒቱ ስለሚወሰድ ነው፤ ጓደኛዎ ነገሩን ገልብጣ ተረድታዋለች። ከዚህ የባሰው አቋርጦ መጀመር፣ ጀምሮ ማቋረጥ ነው፤ በመሐሉ ባለው ጊዜ መድኃኒቱን የሚለምድ ቫይረስ ሊፈጠር ይችላልና። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ማር፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ማንኛውም ቅጠልም ቢሆን ይህን አይለውጠውም፤ ለምግብነት መጠቀሙን አልከለክልም፣ በመድኃኒቱ ምትክ የሚሰጥዎትን ግን አይስሙት።

እንግዲህ ያሉዎት እውነተኛ አማራጮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በሥርዓቱ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም ስምዎን መቀየር አይጠይቁም።

የመጀመሪያው ደሴ ላይ እንዳሉ ሆነው የስድስት ወር ቀጠሮ መጠየቅ ነው። ሕክምናው ለረጋላቸው፣ የቫይረስ መጠናቸው ለተገታ፣ ሌላ የሚያሰጋ ሕመም ለሌላቸውና እርጉዝ ላልሆኑ አዋቂዎች መድኃኒት ለስድስት ወር በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ የሚፈቅድ አሠራር በሀገራችን ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እርስዎ በጻፉልኝ መሠረት ሦስት ዓመት ወስደዋል፣ ውጤትዎም ጥሩ ነው፤ እስካሁን በሦስት ወር የቆዩት ምናልባት ስላልጠየቁ፣ ወይም ቤት ውስጥ ብዙ መድኃኒት ማስቀመጥ ይከብዳታል ተብሎ ታስቦ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ኮምቦልቻ ተቀጥሬያለሁ፣ ወደ ስድስት ወር እንድዛወር እፈልጋለሁ» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሐረጎን መውጣት ለተቆጣጣሪም ለጎረቤትም ጥያቄ የሚያስነሣ አይደለም። ገደቡም አለ፦ የመድኃኒት አቅርቦት በሚሳሳበት ወቅት ተቋሙ ለሁሉም ታካሚ የቀጠሮውን ርዝመት ሊያሳጥር ይችላል፤ የቫይረስ መጠንዎ ከፍ ቢል ወይም ቢያረግዙም ወደ አጭር ቀጠሮ ይመለሳሉ። ቤት የሚቀመጠውን ብልቃጥ በተመለከተ፣ ክኒኖቹን እርጥበት ከሚመጥጠው ከረጢት ጋር በራሳቸው ብልቃጥ ውስጥ ከድነው ከሙቀትና ከእርጥበት ያርቁ፤ ለዕለት መያዣ የሳምንቱን ብቻ በትንሽ ዕቃ ማውጣት ይችላሉ። ብልቃጡ ሲነቀነቅ የሚሰማው ድምፅ ከሆነ የሚያሳስብዎት፣ ከክዳኑ ሥር ንጹሕ ጥጥ ማስገባት ይበቃል።

ሁለተኛው በይፋ ወደ ኮምቦልቻ መዛወር ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አገልግሎቱን የሚሰጠው ያ አንዱ ጤና ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ ለቤትዎ የሚቀርበው ላይ መመዝገብ አለብዎት የሚል ደንብም የለም። የኤአርቲ ክትትል ተቋምን መምረጥ የታካሚው ነው። ዝውውሩ በቃል አይሆንም፤ በተለምዶ ትራንስፈር የምንለው ደብዳቤ ይጻፋል፤ በውስጡም መድኃኒቱን የጀመሩበት ቀን፣ አሁን የሚወስዱት የመድኃኒት ዓይነት፣ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ውጤትና ቀኑ፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ታሪክዎ፣ የኤአርቲ መለያ ቁጥርዎም ይሰፍራሉ። ደብዳቤው በታሸገ ፖስታ ለእርስዎ ይሰጣል፤ በእጅዎ የሚያቆይዎት መድኃኒትም አብሮ መሰጠት አለበት፤ ሳይሰጡዎት ከወጡ ይጠይቁ። የሚቀበለው ተቋም ካርድ እንዳወጡ ፖስታውን ለኤአርቲ ክፍሉ ባለሙያ ብቻ ያስረክቡ፤ ካርድ ክፍል ላይ ለማንም ማሳየት ወይም ለምን እንደመጡ በዝርዝር ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ደሴም መድረስዎን ሲያረጋግጥ ፋይልዎ «ተዛውራለች» ተብሎ ይዘጋል፤ ፍለጋ የሚባለው ነገር የሚቀረው በዚህ ነው።

ስለ ምሥጢር ጥበቃ ሐቁን ልንገርዎት። የታካሚን ምሥጢር ማውጣት ለጤና ባለሙያም ሆነ ለካርድ ክፍል ሠራተኛ የተከለከለ ነው፤ በብዙ ተቋማትም የኤአርቲ ፋይል በክፍሉ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ሳይሆን ኮሪደሩ ነው፦ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ በየትኛው በር እንደገቡ የሚያይ ሰው አይጠፋም። የእጮኛዎ እህት ሐቀኛ ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች፤ ቢሆንም እርስዎን በዚያ አዘውትራ ማየቷ ራሱ ጥያቄ ይፈጥርባታል። ይህን ስጋትዎን «መገለል የወለደው ፍርሃት ነው፣ ይለፉት» ብዬ አላጣጥለውም። ምሥጢርዎ ወጥቶ ከተገኘ ለተቋሙ ኃላፊ፣ ከዚያም ለከተማው ጤና መምሪያ አቤት ማለት ይችላሉ፤ አቤቱታ ግን የወጣን ወሬ መልሶ አያስገባም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ተቋም መምረጡ ይሻላል።

ሦስተኛው አማራጭ ከሁለቱም ከተሞች ውጭ፣ ለምሳሌ ሐርቡ ወይም ባቲ ወዳለ ተቋም መዛወር ነው። ይህን የሚመርጡ አሉ፤ ለእርስዎ ግን ከደሴ የተሻለ ነገር አይሰጥዎትም፤ ምልልሱ ያው ምልልስ ነው፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ አያውቁዎትም።

የሥራውን ጉዳይ በአጭሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ ሊጠይቅዎት ቢችልም የኤች አይ ቪ ምርመራ ከዚህ ውጭ ነው፤ እምቢ ማለት ይችላሉ፣ በዚህም ሊቀጡ አይገባም። ለቀጠሮ ቀን የሚሰጥዎት የሕክምና ማስረጃም በተቋሙ መታከምዎን የሚያረጋግጥ ሆኖ የሕመሙን ስም መያዝ የለበትም፤ የኤአርቲ ክፍል ማኅተም ወይም ርዕስ የሌለው ወረቀት እንዲሰጥዎት መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ባለሙያዎቹም ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ለተቆጣጣሪዎ ሌላ የፈጠራ ሕመም አይንገሩት፤ «የሐኪም ክትትል አለኝ» በቂ መልስ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የእጮኛዎ ነገር ነው፤ እርስዎም በመጨረሻው መስመር ላይ አስቀመጡት። ከኒካህ በፊት ማወቅ አለበት፣ የሚሰማውም ከእርስዎ መሆን አለበት። ይህን የምለው መድኃኒትዎን በአግባቡ የሚወስዱ ከሆነ ለጤናው ስለምሰጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጀመሪያ ውጤቱ የወጣው፣ በ9 ሀገራት የሚገኙ 1,763 ጥንዶችን የተከታተለው ጥናት በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ወደ ትዳር ጓደኛ መተላለፍን በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ጥናቱ ሲጠናቀቅም ቫይረሱ በመድኃኒት በተገታባቸው ሰዎች በኩል ወደ ጓደኛቸው የተላለፈ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዛሬ የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ ቫይረሱ በደም ውስጥ የማይታይና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። የማሳስብዎት ስለ ትዳሩ ነው። ባል ያላወቀው መድኃኒት በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ተደብቆ አይወሰድም፤ የሚደብቁ ሴቶች ክኒን የሚዘሉት፣ ቀጠሮ የሚያልፉት፣ ሲያረግዙም ከክትትል የሚርቁት በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ከእህቱ ቢሰማው ደግሞ ነገሩ ከሕመም ወጥቶ የመታመን ጉዳይ ይሆናል።

ብቻዎን እንዲነግሩት ግን አልመክርም። በደሴ የኤአርቲ ክፍልዎ ያለውን አማካሪ «ለእጮኛዬ በእናንተ ፊት መንገር እፈልጋለሁ» ቢሉት ሁለታችሁን አስቀምጦ የሚያስረዳበት አሠራር አለ፤ እጮኛዎም በፈቃዱ እዚያው ሊመረመር ይችላል። ይህን ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ማድረጉ ለሁለታችሁም ይቀላል። የሚነግሩት በቅርብ ጊዜ የተሠራ ውጤት ይዘው ቢሆን ደግሞ ንግግሩ ከስጋት ወደ ማስረጃ ይሄዳል። «አይታይም» የተባሉት ባለፈው ዓመት ነው፤ የቫይረስ መጠን ምርመራ በተረጋጋ ታካሚ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚሠራ ተራዎ ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደም እንዲወሰድልዎ ይጠይቁ፤ ናሙናው የሚሠራበት ላቦራቶሪ ደሴ ውስጥ ቢኖርም ውጤቱ አንዳንድ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳልና ከረመዳን በፊት ያስጀምሩት። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ «ጥሩ ነው» በሚል ቃል አይርኩ፤ ቁጥሩን ይጠይቁ። ከ1,000 በታች የሆነ ሁሉ «ተገትቷል» ይባላል፤ የማይታይ የሚባለው ግን ከ50 በታች ያለው ነው፤ በሁለቱ መካከል ከሆኑ አወሳሰድዎን ከባለሙያው ጋር መመርመር ያስፈልጋል።

እጮኛዎ ነፃ ሆኖ ከተገኘና ትዳሩን ከወደደ ተጨማሪ መከላከያ ይኖረዋል። ውጤታቸው ለተለያየ ጥንዶች ነፃ የሆነው ወገን በየቀኑ የሚወስደው የቅድመ መከላከያ መድኃኒት በሀገራችን መመሪያ ውስጥ አለ፤ አዲሱ ውጤትዎ እስኪመጣ ኮንዶም መጠቀም ትችላላችሁ። ኮንዶም ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችንም ይከላከላል፤ ቂጥኝንና የመሳሰሉትን የኤች አይ ቪ መድኃኒት አይከለክላቸውምና ሁለታችሁም በዚያው ቀን ብትመረመሩ መልካም ነው። ሰውየው ሊቆጣ፣ ሊመታዎት ወይም ለቤተሰብ ሊያወጣብዎት ይችላል ብለው በእውነት የሚፈሩ ከሆነ ግን ይህን አስቀድመው ለአማካሪው ይንገሩ፤ እንዲህ ያለ ስጋት ባለበት ማሳወቅ አይቸኮልበትም፣ ኒካሁ ግን ይዘገያል። ለጋብቻ የምርመራ ወረቀት ከተጠየቃችሁም ወረቀት ከሚያስተካክል ሰው ጋር እንዳይነጋገሩ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ወንጀል ነው፤ በኋላ የሚፈጥረውም ጥርጣሬ በመድኃኒት የማይድን ነው።

ስለ ልጅ አልጠየቁም፤ የምመክርዎት ነገር በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ግን ላንሳው። ምንም ሕክምና በሌለበት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ በአግባቡ በተደረገ ክትትል ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ቫይረሱ ተገትቶ የምታረግዝ እናት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ስጋት ላይ ነች። ነገር ግን እርግዝና ረጅም ቀጠሮን ያስቀራል። ክትትሉ ወደ ቅድመ ወሊድ ክፍል ይዞራል፣ ቀጠሮው ይቀራረባል፤ ሕፃኑም ሲወለድ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በስድስት ሳምንቱ በወረቀት ላይ በሚንጠባጠብ ደም ይመረመራል፤ የመጨረሻ ውጤቱ እስኪታወቅ እስከ 18 ወር ድረስ ይመላለሳል። ይህን ሁሉ ከኮምቦልቻ ደሴ ሆዷ የገፋ ሴት ልትወጣው አይገባትም። የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ቫይረሱ በደማቸው ላለ ሴቶች ከ25 ዓመት ጀምሮ ይመከራል፤ ካንሰሩ በእነርሱ ላይ ስድስት እጥፍ ያህል ስለሚበዛ ነው፤ ካልተሠራልዎ በዚሁ ቀጠሮ ይጠይቁ።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። አሁን ደሴ ይቆዩ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የቫይረስ መጠን ምርመራውንና የስድስት ወሩን ቀጠሮ በአንድ ላይ ይጠይቁ፤ ውጤቱ ሲመጣ እጮኛዎን ይዘው ይመለሱ። ወደ ኮምቦልቻ የሚዛወሩት ልጅ ስታስቡ ነው፤ ያን ጊዜ ባልዎ የሚያውቅ ከሆነ የእህቱ የካርድ ክፍል ያን ያህል አያስፈራዎትም፤ ከፈለጉም በከተማው ሌላ ተቋም ይመርጣሉ። ዛሬ ዝውውር የማልመክርዎት ዝውውር ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ በዚህ ሰሞን የሚያውቅዎትን አማካሪ ስለሚፈልጉ ነው።

ይህን እስኪፈጽሙ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የጤና እርዳታ ከተገታ ወዲህ በብዙ ተቋማት በፕሮጀክት ተቀጥረው ታካሚ የሚያስታውሱና የሚከታተሉ ሠራተኞች ቀንሰዋል፤ ስለዚህ «ይደውሉልኛል» ብለው አይጠብቁ፤ ቀጠሮዎን በራስዎ ስልክ ላይ ይመዝግቡ፣ መድኃኒቱ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት የሚነቃ አድርገው። የመድኃኒትዎን ስምና የኤአርቲ ቁጥርዎን ደግሞ ሌላ ሰው በማያገኘው ቦታ ይያዙት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ታካሚ ፋይሉን ትቶ ነው የተሰደደው፤ በሄደበት ተቋም ፈጥኖ መድኃኒት ያገኘው ምን እንደሚወስድ መናገር የቻለው ነው።

በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ ክኒን የያዘውን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን መድኃኒት ነው፤ የእርስዎም ይኸው መሆኑን ብልቃጡ ላይ ያረጋግጡ። ከሆነ ረመዳን አያስጨንቅዎትም። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ፣ የተለመደ ሰዓትዎ ምሽት ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ በዚያው ሰዓት ይቀጥላሉ፤ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ወደ ሱሁር ያምጡትና ወሩን ሙሉ በዚያ ይጽኑ፤ የጥቂት ሰዓት መሸጋሸግ ጉዳት የለውም። ረስተው ካደሩ ባስታወሱበት ሰዓት አንዱን ይዋጡ፣ ሁለት አይደርቡ። በጾም ብዙ ሰው የጨጓራ ማስታገሻ ይገዛል፤ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ክኒንና ሽሮፕ ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዘው፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን ከእርሱ ሁለት ሰዓት ቀድመው ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ። የብረትና የካልሲየም ክኒንም በባዶ ሆድ ከሆነ እንደዚሁ ነው፤ ከምግብ ጋር ከሆነ ግን ሦስቱን በአንድነት መዋጥ ይቻላል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሊጀምሩ ከሆነ የዶሉቴግራቪሩ ወይም የሌላው መድኃኒት መጠን ሊስተካከል ስለሚችል ለሚያዝልዎ ሐኪም ምን እንደሚወስዱ ሳይናገሩ አይቀበሉ።